ጉድጓዱ ከፓምፑ ይቀድማል፦ በጎጃም የግል የውሃ ጉድጓድና ፓምፕ ለሚመርጡ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በግቢው የራሱን ውሃ ለማውጣት የወሰነ ሰው ሥራውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከገበያ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሄዶ ጎረቤቱ የገዛውን ዓይነት ፓምፕ ይገዛል፤ ከዚያም ቆፋሪ ያፈላልጋል፤ ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን መሳብ እንዳቃተው፣ ወይም ያለውን ውሃ በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ ደረቁን እንደሚሽከረከር ይረዳል። የፓምፕ ምርጫ የሚቆመው በሁለት ልኮች ላይ ነው፦ ውሃው በግንቦት ወር ከመሬት ወለል ስንት ሜትር ይርቃል፣ ጉድጓዱስ በሰዓት ስንት ሊትር መልሶ ይሞላል? ሁለቱም በእርግጠኝነት የሚታወቁት ጉድጓዱ ተቆፍሮ ከተለካ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹ የሚነጻጸሩት ሥራው ሊሄድበት በሚገባው ቅደም ተከተል ይሆናል፤ ፍላጎት ይቀድማል፣ ጉድጓድ ይከተላል፣ ፓምፕና የኃይል ምንጭ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የሚያስፈልገው ውሃ መጠን

ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለገላና ለልብስ ማጠቢያ በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 240 ሊትር ያስፈልገዋል። ሁለት የሐበሻ ላሞችና አሥር በጎች ቢጨመሩበት ድምሩ ከ400 ሊትር ብዙም አይርቅም፤ የተዳቀለች የወተት ላም ያለው ሰው ግን ለእሷ ብቻ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ መያዝ አለበት። ይህን ያህል ውሃ ደህና ተደርጎ የተቆፈረ አነስተኛ ጉድጓድ በቀላሉ ይሰጣል።

ነገሩ የሚለወጠው መስኖ ሲታሰብ ነው። በበጋ ፀሐይ አንድ የአትክልት መደብ በቀን በግምት 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ይህ በአሥር ሜትር በአሥር ሜትር የጓሮ ቦታ ላይ 500 ሊትር ይሆናል፤ በአንድ ቃዳ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ገደማ፣ ላይ ግን በቀን 12,500 ሊትር ይደርሳል። የጓሮ ጌሾ፣ ቡናና ጎመን ማጠጣት በቤት ጉድጓድ የሚሞከር ነው፤ አንድ ቃዳ ሽንኩርት ወይም በርበሬ በበጋ ማልማት ግን የቤት ጉድጓድ ሥራ አይደለም፤ የተለየ ጉድጓድ፣ የተለየ ፓምፕና የተለየ በጀት ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው በመጋቢት ወር ከቤተሰቡና ከማሳው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ምድሩ ምን ይላል

ጎጃም ለጉድጓድ አንድ ዓይነት ምድር አይደለም። ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል እስከ ዳንግላ ባለው አካባቢ ቀይ አፈሩን ተከትሎ የበሰበሰና የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ስለሚገኝ ውሃው በብዙ ቦታ በሰው ጉልበት ሊደረስበት በሚችል ጥልቀት ላይ ነው፤ በዚያ በየግቢው የእጅ ጉድጓድ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። በምሥራቅ ጎጃም የዋልካ መሬት፣ በቢቸናና በዙሪያው፣ ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ግድግዳው ያልተገነባ ጉድጓድ ሊደረመስ ይችላል፤ የክረምቱ ጎርፍም በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ወደ ደጀንና ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ሲጠጉ ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ሸለቆው እየሾለከ ስለሚወርድ ጥልቀቱ ይበዛል፤ በዚያ በእጅ መቆፈር ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ይሆናል።

በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ኮረብታው አናት ላይ ያለ ግቢና ሸለቆው ግርጌ ያለ ግቢ እኩል ዕድል የላቸውም። ቆፋሪ ከመቅጠር በፊት ከሁሉ የሚሻለው ጥናት በሚያዝያ ወይም በግንቦት በአካባቢው ያሉትን ጉድጓዶች እየዞሩ መጠየቅ ነው፦ ስንት ሜትር ነው? በየትኛው ወር ይጎድላል? ጨርሶ ይደርቃል ወይስ ያንሳል? አለት ያጋጠማችሁ በስንተኛው ሜትር ላይ ነው? እነዚህ መልሶች በነጻ የሚገኙ ናቸው። በግቢው ወይም ከግቢው አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ተክል ካለም ታስቦበት መመረጥ አለበት፤ ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ከጥልቅ የሚጠጣ ዛፍ ስለሆነ በሥሩ አጠገብ ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በበጋ ቀድሞ ይጎድላል።

በእጅ የተቆፈረ ወይስ በማሽን የተቆፈረ

በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ዋነኛ ብልጫው ርካሽነቱ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ግን ከዚያ የማይተናነስ ሌላ ብልጫ አለው እላለሁ፤ ይኸውም ራሱ ማጠራቀሚያ መሆኑ ነው። ውስጡ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ከ1,100 ሊትር በላይ ይይዛል። በማሽን የተቆፈረ ባለ ስድስት ኢንች ጉድጓድ ግን በአንድ ሜትር ውስጥ የሚይዘው 18 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ቀስ እያለ በሚመነጭበት ቦታ ሰፊው ጉድጓድ ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ ጠዋት የቤተሰቡን ፍላጎት ይሸፍናል፤ በዚያው ቦታ ጠባቡ ጉድጓድ በየሩብ ሰዓቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የእጅ ጉድጓድ በኋላ ሊጠለቅ፣ ሊጸዳና ሊጠገን ይችላል፤ በመብራት መጥፋት ቀንም በባልዲ ይቀዳል።

ድክመቶቹም እውነተኛ ናቸው። ውሃው ከወለል ቅርብ ስለሆነ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከበረትና ከጎርፍ የሚመጣ ብክለት ቶሎ ይደርስበታል፤ በድርቅ ዓመት ቀድሞ የሚጎድለውም እሱ ነው፤ ጠንካራ አለት ሲያጋጥም ቁፋሮው ይቆማል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን በተሳሳተ ወቅት መቆፈሩ ነው። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምቱ የሞላውን ውሃ በስድስትና በሰባት ሜትር ላይ ያገኛል። ቆፋሪውም «አያ፣ ውሃው ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሥራውን ያበቃል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሒሳቡን ይዘጋል። በሚያዝያ ወር የውሃው ወለል ሦስትና አራት ሜትር ሲወርድ የጉድጓዱ መሬት ተሰነጣጥቆ ይታያል። የቁፋሮው ትክክለኛ ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው፤ ውሃው በተገኘ ጊዜም እየቀዱ ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ ቢቻል ሦስት ሜትር ወደ ታች መቀጠል ያስፈልጋል። በዚያ ወቅት ሦስት ሜትር ውሃ የያዘ ጉድጓድ ከ3,000 ሊትር በላይ አከማችቶ ክረምቱን ይጠብቃል።

ግድግዳው በኮንክሪት ቀለበት ወይም በድንጋይ ግንብ መሠራት አለበት። በዋልካና ልል በሆነ አፈር ቀለበቱ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ቆፋሪው ከሥሩ አፈሩን ባነሳ ቁጥር ቀለበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ የሚሠራውን ሰው ይጠብቃል። የታችኛዎቹ ቀለበቶች ውሃ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች እንዲኖሯቸው፣ የላይኛዎቹ ሦስት ሜትር ግን በስሚንቶ ፍጹም የተደፈኑ እንዲሆኑ ማስደረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሁሉንም ቀዳዳ አልባ ወይም ሁሉንም ባለ ቀዳዳ አድርጎ ያሠራል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው።

በማሽን የሚቆፈር ጉድጓድ ከአለቱ በታች ያለውን ውሃ ስለሚደርስበት ወቅት አይፈራም፤ ላዩ በትክክል ከተደፈነም ንጽሕናው የተሻለ ነው። ሆቴል፣ የወተት ልማት፣ የሕንፃ ቤት ወይም ሰፊ መስኖ ላለው ሰው የሚበጀው ይህ ነው። ዋጋው ግን ከእጅ ጉድጓድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የመሬት ውስጥ ጥናት፣ የማሽኑ ማጓጓዣ፣ የፕላስቲክ መከለያ ቧንቧ፣ በዙሪያው የሚሞላው ጠጠርና የፓምፕ ሙከራ ሁሉም ተደምረው ይታሰባሉ፤ ውሃ ባይገኝም የቁፋሮው ሒሳብ ይከፈላል። ማሽኑ ከባድ መኪና ላይ የተጫነ በመሆኑ መንገድ የሌለው ግቢ ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ይወጣል። በሁለቱ መካከል በእጅ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ የሚሠራ ጠባብ ጉድጓድ አለ፤ በልል አፈር ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የጎጃም ጥቁር ድንጋይ ሲያጋጥመው ግን ይቆማል።

አቅሙ ለብቻው ለማሽን ቁፋሮ የማይበቃ፣ የእጅ ጉድጓዱም የማይሆንለት ሰው፣ ከሦስት ወይም ከአራት ጎረቤቶች ጋር አንድ ጉድጓድ ማስቆፈርን ቢያስብ መልካም ነው። በወንፈል እህሉን በጋራ የሚሰበስብ ሕዝብ ጉድጓድ በጋራ ለመያዝ አይቸገርም፤ ይሁን እንጂ የጥገና መዋጮው፣ የፓምፑ ቁልፍ ያዥና በበጋ የሚወሰደው መጠን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልተወሰነ ጉርብትናው ይጎዳል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰውም ዝናቡን ከሒሳብ ሊያስወጣው አይገባም፤ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ1,300 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብ ከ50,000 ሊትር በላይ ይሰጣል፤ ችግሩ አብዛኛው በአራት ወር ውስጥ መዝነቡና ለበጋ የሚያቆየው ትልቅ ማጠራቀሚያ መፈለጉ ነው።

ከፓምፑ በፊት የሚደረግ ልኬት

ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ፓምፕ ለመግዛት ከመሄድ በፊት አንድ ቀን ለልኬት መሰጠት አለበት። መሣሪያው በየሃያ አምስት ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት ገመድና ጫፉ ላይ የታሰረ ከባድ ብረት ነው። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ብረቱ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ብረቱ ውሃውን ሲነካ ድምፁ ይሰማል፤ ገመዱ ሲወጣ የረጠበውና ያልረጠበው ክፍል በዓይን ይለያል፤ ያልረጠበው ክፍል ርዝመት ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ነው። ከዚያ በተከራዩት ፓምፕ ወይም በባልዲ ውሃው እስከ ግማሽ ሜትር ተቀድቶ ይወርዳል፤ ሰዓት ይያዛል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። በ1.2 ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በአንድ ሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በሰዓት 340 ሊትር ገደማ ያመነጫል ማለት ነው፤ በቀን ደግሞ ከ8,000 ሊትር ይደርሳል። አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ በሰዓት 57 ሊትር ነው፤ ለቤት ይበቃል፣ ለመስኖ አይታሰብም።

አሁን ይህን ቁጥር በገበያ ካለው ፓምፕ ጋር እናስተያየው። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ሁለት ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ላይ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ የሚል ይጻፋል፤ ይህም በደቂቃ 500 ሊትር ነው። ሁለት ሜትር ውሃ የያዘውን ጉድጓድ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ባዶ ያደርገዋል። ውሃው በድንገት ሲወርድ ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ያለው አሸዋና ጭቃ ተስቦ ይገባል፤ ጉድጓዱም በዓመታት ውስጥ ይሞላል ወይም ግድግዳው ይሰነጠቃል። ፓምፑ ትልቅ መሆኑ የሚመነጨውን ውሃ በአንዲት ጠብታ እንኳ አያበዛውም።

ከላይ የሚስብ ወይስ ከውስጥ የሚገፋ

ፓምፕ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ውሃውን በቧንቧ የሚስብ ነው፤ የቤንዚኑ ፓምፕና በየቤቱ የሚታየው ትንሹ ዲናሞ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ውሃው ውስጥ ተነክሮ ወደ ላይ የሚገፋ ሰብመርሲብል ነው።

የሚስበው ፓምፕ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ከሞተሩ ጉልበት ጋር አይገናኝም። ፓምፑ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ሲያሳሳ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ውሃ ያህል ያነሳል፤ በተግባር ግን ሰባት ወይም ስምንት ሜትር ነው፤ በፓምፑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ይኸው ነው። ነገር ግን ጎጃም በባሕር ጠለል ላይ አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ ከሚስበው ጥልቀት ይቀነሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ስምንት ሜትር ይስባል የተባለው ፓምፕ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚስበው ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ አምስት ሜትር ተኩል ላይ ያቆማል፤ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሲወጡ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ላይ የቤንዚን ሞተር ራሱ በቀጭኑ አየር ምክንያት በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቁ ይመልሳል፤ ወይም ትልቅ ሞተር ይገዛል፤ ትልቁም በዚያው ጥልቀት ላይ ያቆማል። ከዚህ የከፋው መፍትሔ ግን የቤንዚኑን ፓምፕ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ በተቆረጠ ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ፦ አታድርጉት። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በደቂቃዎች ሰው ይገድላል፤ ወንድሙን ለማውጣት የወረደውም አብሮ ይሞታል። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መሞከር የኦክስጅን ማነስን ሊያሳይ ይችላል፤ ይህን ጋዝ ግን አያሳይም፤ መብራቱ ሳይጠፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ በግንቦት ወር ውሃው፣ እየተቀዳ ሳለም ጭምር፣ ከአምስት ሜትር በላይ የማይርቅ ከሆነ የሚስብ ፓምፕ ይበቃል፤ ርካሽም ነው፣ ለጥገናም ይቀላል። ፓምፑ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ይቀመጥ፤ የመሳቢያው ቧንቧ አጭርና አየር የማያስገባ ይሁን፤ ጫፉ ላይ ጥሩ ፉት ቫልቭ፣ ማለትም ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ መዝጊያ፣ ይኑረው። ፓምፑ በየጠዋቱ ውሃ ካልሞሉበት አልስብ ካለ በደሉ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ አይደለም፤ በፉት ቫልቩ ጎማ ላይ የተጣበቀች ጠጠር ወይም ያልጠበቀ መገጣጠሚያ ነው። ውሃው ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ግን ምርጫው ሰብመርሲብል ወይም የእጅ ፓምፕ ነው።

ሰብመርሲብል ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው የሚያነሳው ጠቅላላ ከፍታ ነው፤ ይህም ከውሃው እስከ መሬት፣ ከመሬት እስከ ሮቶው አናት፣ በቧንቧው ርዝመት የሚጠፋውም ተደምሮ ነው። ሁለተኛው በዚያ ከፍታ ላይ በሰዓት የሚሰጠው መጠን ነው፤ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ትልቁ ከፍታና ትልቁ መጠን በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ ትልቁ ከፍታ ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው። ሦስተኛው የጉድጓዱ ምንጭ ነው፤ በሰዓት 340 ሊትር ለሚያመነጭ ጉድጓድ በሰዓት 3,000 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ከተገጠመ ውሃ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የግድ ነው። ፓምፑ ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በማይዝግ ገመድ ይንጠልጠል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦው ወይም በቧንቧው ብቻ ማንጠልጠል አይገባም። በሰፊ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውሃው በአካሉ ዙሪያ ሲያልፍ ስለሆነ በሰፋ የፕላስቲክ ቧንቧ ማልበስ ዕድሜውን ያረዝማል።

የእጅ ፓምፕን ደግሞ እንደ ድሃ አማራጭ ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም። የገመድ ፓምፕ የሚሠራው ከገመድ፣ ከፕላስቲክ ቧንቧ፣ በገመዱ ላይ ከተሰኩ ትናንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ክቦችና ከመሽከርከሪያ ነው። ክቦቹ በቧንቧው ውስጥ ሲያልፉ ውሃውን እየተሸከሙ ያወጣሉ። ከአሥር ሜትር ጥልቀት አንድ ጎልማሳ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል፣ ከሃያ ሜትር 20 ሊትር ያህል ሊያወጣበት ይችላል፤ ሁለት ጀሪካን ከአሥር ሜትር በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላል ማለት ነው። ገመዱ ሲያልቅ በየገበያው ይገኛል፤ ብረቱ ሲሰበር የመንደሩ በያጅ ይሠራዋል። በየቀበሌው የሕዝብ ጉድጓዶች ላይ የሚታየው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ከዚህ ይልቅ ይጠልቃል፣ እስከ 45 ሜትር፤ ብክለትንም በተሻለ ይከለክላል፤ መለዋወጫው ግን እንደ ገመድ በየሱቁ አይገኝም። በቀን ከ500 ሊትር በታች ለሚፈልግ፣ መብራትም ለሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያው ምርጫ የገመድ ፓምፕ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሞተር ከተገዛ በኋላም ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጣል።

መብራት፣ ቤንዚን ወይስ ፀሐይ

መብራት የገባለት ግቢ በመብራት ቢጠቀም በሥራ ማስኬጃ ወጪ የሚወዳደረው የለም፤ አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ሰብመርሲብል የቤቱን የቀን ውሃ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወጣል። አደጋው የኃይሉ መውረድ ነው። በመስመር ጫፍ ባሉ መንደሮች 220 መሆን የሚገባው ቮልት ማታ ማታ በጣም ይወርዳል፤ ሞተሩም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ስቦ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ቮልት ሲወርድ የሚያጠፋ መከላከያ ዋጋው የተቃጠለ የሞተር ጠመዝማዛ ሽቦ አንድ ጊዜ ከማስጠገን ያነሰ ነው። ውሃውን ሌሊት ወይም ረፋድ ላይ ወደ ሮቶ መሙላትም ሞተሩን ያድናል።

ቤንዚን ለተንቀሳቃሽ ሥራ፣ ከወንዝ ወይም ከቦይ ለማውጣት፣ ጥሩ ነው። ለቋሚ የቤት ጉድጓድ ግን የነዳጁ ዋጋና በየጊዜው መጥፋቱ አብሮ ሲታሰብ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው እሱ ነው።

ፀሐይ ለመግዣ ይወደዳል፤ ለማስኬጃ ግን ምንም አይጠይቅም። ብዙ ሰው ባትሪ የግድ ይመስለዋል፤ ለውሃ ግን ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀን የወጣው ውሃ በሮቶ ሲጠራቀም የቀኑ ፀሐይ ለሌሊት ተቀመጠ ማለት ነው። 3,000 ሊትር ውሃ በቀን 20 ሜትር ለማንሳት በወረቀት ላይ 100 ዋት የሚጠጋ ፓነል ይበቃል፤ ለደመና፣ ለአቧራና ለሙቀት ታስቦ 200 ዋት ቢሆን ግን ያሳርፋል። ለአንድ ቃዳ 12,500 ሊትር በዚያው ከፍታ ለማንሳት ከ600 ዋት ወዲያ ማሰብ ያስፈልጋል። ደመናው የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መስኖ አያስፈልግም፤ ለቤት የሚሆነው ጥቂት ውሃ በደመናም ቀን ይወጣል። ከሁሉ በላይ አነስተኛ የፀሐይ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ስለሚቀዳ ቀስ ብሎ ለሚመነጭ የጎጃም የእጅ ጉድጓድ በባሕርይው የተስማማ ነው። መብራት በሌለበት፣ ወይም ኖሮ በማይታመንበት ቀበሌ፣ አቅሙ የፈቀደ ሰው ይህን ቢመርጥ አይጸጸትም።

ስለ ሮቶ ብዙ የሚባል የለም። 2,000 ሊትር ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ መቆሚያው በዚሁ ልክ ይሠራ። አምስት ሜትር ከፍታ ግማሽ ባር ግፊት ብቻ ይሰጣል፤ ለቧንቧ ይበቃል፣ ለአንዳንድ የሻወር ማሞቂያ ግን አይበቃም።

ንጽሕና፣ ፈቃድና ውል

ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከበረት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያም በላይ ከእነሱ ከፍ ባለ ቦታ መሆን ይኖርበታል። ስንጥቅጥቅ ባለ ጥቁር ድንጋይ ውሃ ሩቅና ፈጣን ስለሚሄድ ከዚያ ቢርቅ ይመረጣል። አፉ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይገንባ፤ ዙሪያው ወደ ውጭ በሚያዘነብል የኮንክሪት ወለል ይሸፈን፤ ክዳኑ የማይነሳ ይሁን። አዲስ ጉድጓድ ከመጠጣት በፊት በክሎሪን ይታከማል፦ በውስጡ ላለው በእያንዳንዱ 1,000 ሊትር አንድ ሊትር ሽቶ ያልተጨመረበት፣ አምስት በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ተጨምሮ አንድ ሌሊት ይቆያል፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ይደፋል። ይህ ሥራ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ቢደገም መልካም ነው፤ የላይ ጎርፍ ጉድጓድ የሚያገኘው በዚያ ወቅት ነውና። ፍሎራይድ የሚፈራው በዋናነት በስምጥ ሸለቆ ነው፤ በጎጃም ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ ቀዳሚው ስጋት ጀርም ስለሆነ የሚጠጣውን ውሃ ማፍላት ወይም ማከም አይቀርም፤ ምርመራ ሲደረግም መጀመሪያ ይህ ይታይ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በእጅ የሚቆፈርን ጉድጓድ ከፈቃድ ነጻ አድርጎታል፤ የማሽን ቁፋሮ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሥራው ሳይጀመር በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ መጠየቅ፣ በዚያውም በአካባቢው የተቆፈሩ ጉድጓዶች መረጃ ካለ መመልከት ይጠቅማል።

ከቆፋሪው ጋር የሚደረገው ውል በሜትር ሒሳብ ይሁን፤ የአፈሩና የአለቱ ሜትር ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ቀለበቱንና ስሚንቶውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ውሃ ከተገኘ በኋላ የሚቆፈሩት ሁለት ወይም ሦስት ሜትሮች በስንት እንደሚታሰቡ፣ በቁፋሮ ጊዜ ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ የማን እንደሆነ ይወሰን። የክፍያው የመጨረሻ አንድ አራተኛ ጉድጓዱ በገመድ ከተለካና የአንድ ሰዓት መሙላቱ በሁለቱ ወገን ፊት ከተመዘገበ በኋላ እንዲከፈል ይስማሙ፤ የተመዘገበውም ቁጥር ፓምፕ ሻጩ ዘንድ ይዘውት የሚሄዱት ወረቀት ይሆናል።